ያረጀው ኮምፒዩተር እና የላሊበላ ፀሐይ

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖር አንድ ተማሪያችን የቤቱን ኮምፒዩተር ተሸክሞ ወደ ቢሯችን መጣ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ የታየውን ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ፣ «ስቴላሪየም» በተሰኘው ነፃ የሥነ ፈለክ ሶፍትዌር ለብሎኩ ልጆች ሊያሳይ አስቦ ነበር። በእርግጥ እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ነገር ግን ያለፈን ግርዶሽ መልሶ የሚያሳይ ቴሌስኮፕ የለም። ኮምፒዩተሩ ደግሞ እየቆመ እየዘለለ አስቸገረ። አንድ ጥገና ቤት «አርጅቷል፣ አዲስ ግዛ» ብሎታል። ይህ ለቤተሰቡ የማይቻል ነበር።

ችግሩ ከየት መጣ? 1024 በ768 የሆነ ስክሪን 786,432 ፒክስሎች አሉት። በሴኮንድ 30 ሥዕል ለማሳየት 23,592,960 ጊዜ ቀለም መወሰን ያስፈልጋል። ማዕከላዊው ማቀነባበሪያ (ሲፒዩ) ብልህ ቢሆንም ሠራተኞቹ ጥቂት ናቸው። የግራፊክስ ቺፕ ግን እንደ ደቦ ነው፤ የአንዱ ፒክስል ስሌት የጎረቤቱን ውጤት ስለማይጠብቅ ብዙ ቀላል ሠራተኞች ማሳውን ተከፋፍለው በአንድ ጊዜ ያጭዱታል።

የተማሪያችን ኮምፒዩተር ይህ ቺፕ ነበረው፤ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ እንጂ። ዊንዶውስ 7 እንደገና ሲጫን የቺፑ ድራይቨር ተረስቷል። ሶፍትዌሩም በተለመደው መንገድ አልከፈት ስላለው፣ ሥዕሉን ሁሉ በሲፒዩ በሚያሠራው «ሜሳ» በተባለው አማራጭ ነበር የከፈተው።

ምርመራው ቀላል ነው። «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» በሚለው ሥር የቺፑ ስም መነበብ አለበት። በስሙ ፈንታ «ስታንዳርድ ቪጂኤ» የሚል ከተጻፈ ድራይቨሩ የለም ማለት ነው። ድራይቨሩን ከቺፑ ወይም ከኮምፒዩተሩ አምራች ብቻ መውሰድ፣ 32 ወይም 64 ቢት መሆኑን ማመሳከር፣ ከመጫን በፊትም «ሪስቶር ፖይንት» ማስቀመጥ ይገባል። ዊንዶውስ 7 ለቤት ተጠቃሚዎች ከጥር 2012 ዓ.ም. ወዲህ የደኅንነት ማሻሻያ ስለማያገኝ፣ ፋይሉን በሌላ ኮምፒዩተር አውርደን በፍላሽ አመጣነው። (ፍላሹን በአንቲቫይረስ መፈተሽ እንዳይረሳ፤ የፍላሽ ቫይረስ ያላቃጠለው ተማሪ አናውቅም።) ክዳኑንም ከፍተን በማራገቢያው ላይ የተጋገረውን አቧራ ጠረግን፤ ቺፕ ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳልና።

ለአንባብያን አንድ ነገር ሳንደብቅ እንንገር፦ ስቴላሪየም ቢያንስ «ኦፕን ጂኤል 2.1» የተባለውን የሥዕል ቋንቋ የሚያውቅ ቺፕ ይፈልጋል። ከዚያ በታች የሆነውን ቺፕ ምንም ድራይቨር አያድነውም። የተማሪያችን ቺፕ መስፈርቱን ለጥቂት አለፈ።

ኮምፒዩተሩን አጥፍተን አስነሣን። ቦታውን ላሊበላ፣ ቀኑን ሰኔ 14 አድርገን ሰዓቱን አፋጠንን። ጨረቃ ሳትደናቀፍ በፀሐይ ላይ ተንሸራተተች፤ በዚያች ጠዋት ለዓይን የሚታየው ስፋቷ ከፀሐይ በጥቂቱ ያነሰ ስለነበር ዙሪያዋን ቀጭን የብርሃን ቀለበት ቀረ። ተማሪው ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ካየ በኋላ ገመዱን ነቀለ፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ አባዶ መድረስ ነበረበት።