የመቱ ባዕለ ጸጋ ማን ነው?

አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተተከለ በኋላ፣ የኢሉባቦር ቡና በመርከብ ወደ ካርቱም ሲወርድ፣ ከዚያም ጨውና አቡጀዲ ሲመጣ፣ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ በነበረችው በጎሬ የድሎት ምልክቱ ለማንም አይሰወርም ነበር፤ ከግሪክና ከሶርያ ነጋዴዎች ሱቅ ደጋግሞ የሚገዛ ሰው ከባዕለ ጸጎች ወገን ይቆጠር ነበርና። ዛሬ የኢሉባቦር መዲና መቱ ስትሆን፣ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

በከተማይቱ ዙሪያ ያለው ገበሬ በኅዳርና በታኅሣሥ ጀንፈሉን በግቢው አስጥቶ፣ ማታ ማታ ጤዛ እንዳይነካው በሸራ እየሸፈነ የሚጠብቀው ገንዘብ የዓመቱ ሁሉ ሲሳይ ነው፤ የጣራ ቆርቆሮ፣ የልጅ ትምህርት፣ ሠርግና ተዝካር ሁሉ ከዚያው ይወጣል። በሐምሌና በነሐሴ ግን፣ ያው በኅዳር ባዕለ ጸጋ የተባለ ገበሬ፣ ገና በዛፉ ላይ ያለውን ቡና ለነጋዴ በርካሽ አስቀድሞ ሸጦ በቆሎ የሚሸምትበት ጊዜ አለ። ደመወዝተኛው መምህር በበኩሉ ዝናብ ዘነበ አልዘነበ በወሩ መጨረሻ ይቀበላል፤ የተቀበለው ግን በቤት ኪራይና በዱቤ ሳምንት ሳይሞላው ያልቃል። ስለዚህ ለገበሬው ተድላ ማለት ስኳር፣ ለስላሳና ሶፋ፣ ማለትም በገንዘብ የተገዛ ነገር ሲሆን፣ ለመምህሩ ደግሞ ያልተገዛው ማር፣ ያልተገዛው ቅቤና የራስ ጣራ ነው። የጭነት መኪና ያለው ነጋዴ በሁለቱም ይስቃል፤ ሳቁም ያለ ምክንያት አይደለም።

መንግሥትም የራሱ ሚዛን አለው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ በወር ከ10,900 ብር በላይ በሆነው የደመወዝ ክፍል ላይ 35 በመቶ፣ ማለትም ከፍተኛውን ግብር ጣለ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ግን በዚያ ማዕርግ የተቆጠረው ሰው ጤፍ በዱቤ ሲወስድ ታየ። በ2017 ዓ.ም. ወሰኑ ወደ 14,000፣ ከግብር ነፃ የሆነውም ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ቢል፣ ማሻሻያው ዘግይቶ የደረሰ ነው። በዚያው ዓመት የዓለም የቡና ዋጋ እስከዚያ ታይቶ ወደማይታወቅ ከፍታ ሲወጣ ደግሞ፣ ቡናውን በክረምት አስቀድሞ የሸጠ ገበሬ ከትርፉ የቀመሰው ጥቂት ነው።

እንግዲህ የሕዝቡን ኑሮ የሚመዘግቡ ሹማምንት ወደ ገጠሩ በኅዳር ብቻ ሳይሆን በነሐሴም ይውረዱ፤ የዓመቱን ገቢ ጠይቀው ሲጨርሱም፣ በዚያ ወር ጎተራው ውስጥ ምን እንዳለ ገብተው ይዩ።