ማግኒዚየም ሲያንስ ነርቭ ምን ይሆናል?

በአንድ አዋቂ ሰው አካል ውስጥ 25 ግራም ገደማ ማግኒዚየም ይገኛል። ከግማሽ በላዩ የተከማቸው በአጥንት ነው፤ የቀረው በጡንቻና በሌሎች ሕዋሳት ውስጥ ሲሆን በደም ፈሳሽ ውስጥ የሚዘዋወረው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ሐኪም ቤት የሚለካው ግን ይኸው ጥቂቱ ነው። ስለዚህ የደም ውጤቱ ደህና እየመሰለ የሰውነት ክምችት ሊጎድል ይችላል።

ማግኒዚየም በነርቮች ላይ የሚሠራው ሥራ በአመዛኙ መግታት ነው። በአንጎል ውስጥ አንዱ ነርቭ ሌላውን የሚቀሰቅስበት ዋናው ኬሚካል ግሉታሜት ይባላል። ግሉታሜት ከሚያርፍባቸው ተቀባዮች አንዱ፣ ኤንኤምዲኤ የሚባለው፣ መሐሉ ላይ ካልሲየም የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። ነርቩ ባረፈበት ጊዜ ማግኒዚየም ይህን ቀዳዳ እንደ ውታፍ ደፍኖት ይቆያል፤ የሚለቀው ነርቩ በሌላ መንገድ በደንብ ሲነቃቃ ብቻ ነው። ይህ አሠራር በ1984 እ.ኤ.አ. በቤተ ሙከራ ታይቷል። ማግኒዚየም ሲጎድል አንጎል በቀላሉ የሚቀሰቀስበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ነርቭና ጡንቻ በሚገናኙበት ቦታም ተመሳሳይ ነገር አለ። ነርቩ ጡንቻን የሚያዝዘው አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል በመልቀቅ ሲሆን፣ ለመልቀቅ ደግሞ ካልሲየም ወደ ነርቩ ጫፍ መግባት አለበት። ማግኒዚየም መግቢያውን ከካልሲየም ጋር እየተሻማ ልቀቱን ይመጥናል። እሱ ሲሳሳ ጡንቻው በትንሹም በትልቁም ይኮማተራል።

ጉድለቱ ሲጀምር የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ማቅለሽለሽና ድካም ይታያል፤ እነዚህን ደግሞ የማይጋራ በሽታ የለም። እየከፋ ሲሄድ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ ጡንቻ ይሸማቀቃል። ሐኪሙ የደም ግፊት መለኪያውን ክንድ ላይ አስሮ ከላይኛው ግፊት በላይ ነፍቶ 3 ደቂቃ ያህል ሲያቆየው፣ የታማሚው እጅ ከአንጓው ይታጠፋል፣ አውራ ጣቱ ወደ መዳፉ ይገባል፣ ሌሎቹ ጣቶች ቀጥ ብለው ይገጥማሉ። ከዚህ ካለፈ መደናገር፣ የዓይን ያለፈቃድ መርገብገብ፣ የልብ ምት መዛባት፣ አልፎም ራስን ስቶ መንዘፍዘፍ ይከተላል።

ካልሲየም ሲያንስም እጅ እንዲሁ ይታጠፋል። ሁለቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ፤ ማግኒዚየም በጣም ሲወርድ የፓራታይሮይድ ዕጢ ካልሲየምን የሚጠብቀውን ሆርሞን በሚገባ አያመነጭም። ኩላሊትም ፖታሲየምን መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ ማግኒዚየሙ ሳይተካ ካልሲየምና ፖታሲየም ቢሰጥ ውጤቱ አልስተካከል ይላል፤ ያልታየ የማግኒዚየም ጉድለት ብዙውን ጊዜ የሚጋለጠውም በዚህ ነው።

ኩላሊት ማግኒዚየምን ቆጥቦ ስለሚይዝ ጤነኛ ሰው በአመጋገብ ብቻ ከባድ ጉድለት ላይ አይወድቅም። አዋቂ ሰው በቀን ከ310 እስከ 420 ሚሊግራም ያስፈልገዋል፤ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 180 ሚሊግራም ያህል ይይዛል። ሊጡ በእርሾ መቡካቱ ማዕድኑን አስሮ የሚያስቀረውን ፋይቴት ይቀንሳል። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ሰሊጥ፣ የዱባ ፍሬና ጎመንም ጥሩ ምንጮች ናቸው። ለከባድ ጉድለት የሚዳርጉት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ የቆየ ተቅማጥ፣ የመጠጥ ሱስ፣ ያልተቆጣጠሩት ስኳር፣ የሚያሸኑ መድኃኒቶች። በጨጓራ ስም ለዓመታት የሚዋጠው ኦሜፕራዞልም ከእነዚሁ ይቆጠራል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2011 እ.ኤ.አ. ያስጠነቀቀው በዚህ የተነሳ ነው።

ማግኒዚየም ነርቭን የሚገታ መሆኑ በወሊድ ክፍል በደንብ ይታያል። በእርግዝና የደም ግፊት ሳቢያ የሚመጣውን መንዘፍዘፍ ለመከላከል የሚሰጠው ማግኒዚየም ሰልፌት ነው። በ33 አገሮች 10,000 ያህል እናቶች የተሳተፉበትና በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት አደጋውን በግማሽ እንደሚቀንስ አሳይቷል። መጠኑ ሲበዛ መጀመሪያ የጉልበት ምላሽ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ትንፋሽ ይደክማል፤ አዋላጇ ጉልበት መታ መታ የምታደርገው፣ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔትም በቅርብ የሚቀመጠው ለዚህ ነው።

በየፋርማሲው የሚሸጠው እንክብል ግን የሚወራለትን ያህል አይደለም። ማይግሬን እንዳይደጋገም ሊረዳ እንደሚችል መረጃ አለ። አረጋውያንን ሌሊት ለሚያሰቃየው የእግር ጡንቻ መሸማቀቅ ግን ጥናቶች ሲገመገሙ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልተገኘበትም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ ትርፉን ማስወገድ ስለማይችል እንክብሉ ሊጎዳው ይችላል። ኦሜፕራዞል ወይም የሚያሸና መድኃኒት ከዓመት በላይ ሲወስድ የቆየና እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም ጡንቻው የሚሸማቀቅ ሰው፣ እንክብል ከመግዛቱ በፊት ማግኒዚየሙን፣ ካልሲየሙን፣ ፖታሲየሙንና ኩላሊቱን አንድ ላይ ይመርመር።