ሳይጨርስ የሚከፈለው ሯጭ

የአንድን ትልቅ ማራቶን የውጤት ዝርዝር እስከ ታች የሚያነብ ሰው፣ ከደረጃው ሁሉ በኋላ «አላጠናቀቀም» የሚል ምልክት የተደረገባቸው ስሞች ያገኛል። ከእነዚህ አንዳንዱ ጡንቻው ተይዞበት፣ አንዳንዱ ሆዱ ታውኮበት የወጣ ነው። ሌሎቹ ግን ምንም አልሆኑም። የመጡበትን ሥራ በሚገባ ጨርሰው፣ 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከመንገዱ ወጥተው፣ ሙቅ ልብስ ደርበው ወደ ሆቴላቸው የገቡ ናቸው። ክፍያቸውንም ይቀበላሉ። አሯሯጮች ይባላሉ፤ ሯጮቹ እርስ በርስ ሲያወሩ ደግሞ «ፔስ ሊይዝ ሄደ»፣ «እስከ 25 ፔስ አደረገ» ይባባላሉ።

አሯሯጭ፣ ሌላ ሰው እንዲፈጥን ተቀጥሮ የሚሮጥ ባለሙያ ነው። ብዙ ተመልካች ግን መጨረስ ያቃተው፣ ለማድመቂያ የገባ ሰው አድርጎ ያየዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ለመጨረስ ያሰበን ሰው እስከ 30 ኪሎ ሜትር መምራት ማለት፣ ያን ርቀት በ1 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ከግማሽ ግድም መሮጥ ነው፤ ያውም ነፋሱን በራስ ደረት እየገፉ። ይህን የሚችል ሰው ከአገሩ ሁሉ ቢፈለግ ጥቂት ነው። ከእነዚያ ጥቂቶች ብዙዎቹ ደግሞ ልምምዳቸውን የሚሠሩት አዲስ አበባን በከበቡት ከተሞች ዙሪያ ነው።

እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ የሚገኘው ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ሰፊ ሜዳ፣ ጠዋት ጠዋት አጥንት የሚሰብር ብርድ፣ ቀነኒሳ በቀለ ያሠራው የመሮጫ መም፣ የያያ ቪሌጅ ማዕከል፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ እንግሊዛዊውን ሞ ፋራህን ሳይቀር ለልምምድ ያመጣ ቦታ ነው። በአምቦ መንገድ በኩል የገፈርሳ ግድብ ጎረቤት የሆነችው ቡራዩ አለች። በጅማ መንገድ ደግሞ ሰበታ። ሰበታ ከሱሉልታ ዝቅ ስለሚል አየሩ ትንሽ ወፈር ይላል፤ እግር የሚፈጥነው እዚያ ነው። ስለዚህ ሱሉልታ ሜዳና ጫካ ውስጥ በዝግታ የከረመ ቡድን፣ አስፋልትና ኮረኮንች ላይ ፍጥነት ሊሠራ ሲል በክለቡ ሰርቪስ ሳይነጋ ወደ ሰበታ ይወርዳል።

አሯሯጭነት የሚለመደው እዚህ ነው። በእኛ ሯጮች ዘንድ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ብዙም አይወደድም። ቡድኑ በሰልፍ ይሄዳል፤ አሰልጣኙ ዛሬ ማን እንደሚመራ፣ ማን በስንተኛው ኪሎ ሜትር እንደሚቀበለው ይናገራል፤ የቀረው የፊተኛውን እግር እያየ ይከተላል። መሪው ከታዘዘው ፈጥኖ ከሄደ ከኋላ ድምፅ ይሰማል። ቢያቀዘቅዝም ይሰማል። ጥሩ ኮንዲሽን ላይ ነኝ ብሎ ጓደኞቹን የሚበትን ሰው በቡድኑ ዘንድ ጀግና አይደለም፤ የሰው ልምምድ ያበላሸ ነው። ከዚህ ግልምጫ ብዙ የተማረ ልጅ የኪሎ ሜትሩን ሰዓት ሳያይ በእግሩ ያውቀዋል።

የሙያው ዋና ነገርም ይኸው ልክ ማወቅ ነው። እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ2:55 እንዲመራ የታዘዘ ሰው፣ አንዱን በ2:50 ቀጣዩን በ3:00 ቢያመጣ አማካዩ ያው ነው። የተከተለው ሯጭ እግር ግን ያው አይደለም። የዚያች የ5 ሰከንድ ስህተት ዋጋ 35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ይከፈላል፤ ያን ጊዜ ስህተቱን የሠራው ሰው መንገዱ ላይ የለም። በመም ላይ ሲሆን ሚዛኑ የበለጠ ይጠባል። ቀነኒሳ በ2005 ብራሰልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26:17.53 ሲሮጥ፣ አንዱ ዙር በአማካይ 63 ሰከንድ ከጥቂት ነጥብ ነበር፤ እንዲህ 25 ጊዜ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለተኛው አገልግሎት ነፋስን መክላት ነው። ግሪፊት ፒዩ የተባለው የእንግሊዝ የሰውነት ሥራ ተመራማሪ በ1971 ባሳተመው ጥናት፣ በመካከለኛ ርቀት ፍጥነት የሚሮጥ ሰው ከጉልበቱ 7.5 በመቶ ያህሉን አየርን ለመግፋት እንደሚያወጣ፣ ከሌላ ሯጭ ኋላ በ1 ሜትር ርቀት ሲሆን ግን የዚህን ወጪ 80 በመቶ ያህል እንደሚያድን አሳይቷል። ሦስተኛው አገልግሎት በቁጥር አይለካም። ተከታዩ ስለ ሰዓት ማሰብ ይተዋል፤ ሐሳቡን ሁሉ ለፊተኛው ሰው አደራ ሰጥቶ እግሩን ብቻ ያዛል። ሯጮች ይህን ከነፋሱ ሁሉ ያስበልጡታል፤ እኔም የማምነው እነሱን ነው።

ውሉ ቀላል ነው። የውድድሩ አዘጋጅ ስንት አሯሯጭ በምን ፍጥነት እስከ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚፈልግ ይወስናል፤ ማናጀሮች ሰው ያቀርባሉ። በማራቶን አብዛኛውን ጊዜ 25 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመም ላይ በ5,000 ሜትር አንዱ ጥቂት ዙሮች መርቶ ይወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ለሥራው የተቆረጠ ገንዘብ አለ፤ ሰዓቱን ጠብቆ ላደረሰ ብዙ ጊዜ ጭማሪ ይታከልበታል። ገና ስም ላላወጣ የክለብ አትሌት ይህ የመጀመሪያው የውጭ ጉዞ ሊሆን ይችላል፤ ፓስፖርቱ ላይ ቪዛ ይመታል፣ ትልቅ ውድድር ከውስጥ ያያል፣ የውድድር ጠዋት ምን እንደሚበላ ከባለ ስሞቹ ይማራል።

አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ሳያጠናቅቅ የወጣ ሰው ሰዓት የለውም። ሦስት ዓመት ፔስ ሲይዝ የኖረ አትሌት፣ «ምርጥ ሰዓትህ ስንት ነው?» ሲባል የሚያሳየው ወረቀት ከሦስት ዓመት በፊት የነበረውን ነው። በየውድድሩ 30 ኪሎ ሜትር ከዓለም ምርጦች ፊት ሮጧል፤ በመዝገብ ግን አልሮጠም። አንዳንዱ ይህን አውቆ ጊዜውን ይጠብቅና በራሱ ስም ይወጣል። አንዳንዱ የእርግጠኛውን ገንዘብ መርጦ ይቀራል፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ይህን ቢመርጥ ማንም ሊወቅሰው አይገባም።

ሙያው በዓለም ላይ ከበሬታ ያገኘው ዘግይቶ ነው። ሮጀር ባኒስተር ግንቦት 6 ቀን 1954 ኦክስፎርድ ላይ ማይልን ከ4 ደቂቃ በታች፣ በ3:59.4 ሲሮጥ መጀመሪያ ክሪስ ብራሸር፣ ቀጥሎ ክሪስ ቻታዌይ መርተውለታል። በዚያ ዘመን ነገሩን እንደ ማታለል የሚቆጥረው ሰው ብዙ ነበር። ዛሬ ደንቡ ይፈቅዳል፤ ሁለት ገደብ ግን አለው። አሯሯጩ ውድድሩን ከመነሻው መጀመር አለበት፤ ዙር የተደረበበት ሯጭም ማገዝ አይችልም። ኤሉድ ኪፕቾጌ በ2019 ቪየና ላይ ማራቶንን በ1:59:40 ሲጨርስ 41 አሯሯጮች እየተፈራረቁ ከበውት ነበርና፣ ሰዓቱ በክብረ ወሰንነት አልተመዘገበም። ከእሱ በፊት በ2017 ሞንዛ ላይ በተደረገው ተመሳሳይ ሙከራ የእኛው ሌሊሳ ዴሲሳ ከሦስቱ ተፈታኞች አንዱ ነበር።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በበርሊን በ2007 በ2:04:26፣ በ2008 ደግሞ በ2:03:59 የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብር አሯሯጮች ነበሩት። ሁለተኛው ዓመት ላይ እነሱ ከወጡ በኋላ ኬንያዊው ጄምስ ክዋምባይ እስከ 36ኛው ኪሎ ሜትር ግድም አብሮት ቆይቷል፤ ከዚያ ወዲያ ብቻውን ነው። የኃይሌን ሰዓት በቃሉ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሞልቷል። የመሩለትን ሰዎች ስም የሚያውቅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

በ2019 በዚያው በርሊን የቀነኒሳ ነገር ሌላ ነው። አሯሯጮቹ ከወጡ በኋላ 33ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ከብርሃኑ ለገሰ ኋላ ቀረ፤ ከዚያ ተነሥቶ፣ አሳድዶ፣ አልፎ በ2:01:41 ገባ። ክብረ ወሰኑ 2:01:39 ነበር። 2 ሰከንድ! ያን ቀን አንድ ጠንካራ አሯሯጭ እስከ 35 ቢቆይ ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ እንዳሰላሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

በኦሊምፒክና በዓለም ሻምፒዮና ቅጥር አሯሯጭ የለም። ስለዚህ ሥራው ወደ ቡድን ጓደኛ ይዞራል፤ ኢትዮጵያውያን የማይረሱት ታሪክም የሚገኘው እዚህ ነው። በ2003 ፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና ላይ ኃይሌ በ10,000 ሜትር ፊት እየወጣ ፍጥነቱን አከረረው፤ በመጨረሻ ቀነኒሳ አንደኛ፣ እሱ ሁለተኛ፣ ስለሺ ስህን ሦስተኛ ሆነው ሜዳሊያውን ጠቅልለው ወሰዱት። በዓመቱ አቴንስ ላይ ኃይሌ ጉዳቱን ይዞ ሲሮጥ፣ ቀነኒሳና ስለሺ ዞረው እያዩ፣ ፍጥነት እየቀነሱ ሲጠብቁት ዓለም አየ። በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይም ዮሚፍ ቀጀልቻ፣ ሰለሞን ባረጋና በሪሁ አረጋዊ በ10,000 ሜትር ተራ በተራ መርተው ውድድሩን ፈጣን አደረጉት። ወርቁን ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ወሰደ፤ በሪሁ ብር አገኘ። ዕቅዱ ከሸፈ ያሉ ነበሩ። እኔ አልስማማም፦ ያ ሁሉ ሥራ ባይኖር ብሩም አይኖርም ነበር።

አንዳንድ ጊዜ ቅጥረኛው ራሱ ያሸንፋል። ኬንያዊው ሲሞን ቢዎት በ2000 የበርሊን ማራቶን ሊያሯሩጥ መጥቶ አንደኛ ወጣ። በዓመቱ ኤድመንተን ላይ በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን እስከ መጨረሻው የተናነቀውና በ1 ሰከንድ የቀደመው ገዛኸኝ አበራ ነው። አሜሪካዊው ፖል ፒልኪንግተን ደግሞ በ1994 ሎስ አንጀለስ ላይ ሲመራ፣ ይወጣል ብለው ዝም ያሉት ሯጮች ሳይደርሱበት ቀርተው የሽልማቱን መኪና ይዞ ሄደ። ደንቡ ይፈቅድለታል፤ የተኮነነውም ሳያውቁ በናቁት ሰዎች ነው።

በሴቶች በኩል ጉዳዩ ውስብስብ ነው። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ በ2:11:53 ክብረ ወሰን ስትሰብር ወንድ አሯሯጮች አብረዋት ነበሩ። ሴቶች ብቻ የሚሮጡበት ውድድር ግን የራሱ የክብረ ወሰን መዝገብ አለው፤ እሱንም በሚያዝያ 2025 ለንደን ላይ በ2:15:50 አሻሽላዋለች። በዚህ ሁለተኛው ዓይነት ውድድር የሚያሯሩጡት ሴቶች ናቸው። ያን ፍጥነት ለረጅም ርቀት መያዝ የምትችል ሴት ደግሞ ራሷ ለማሸነፍ የምትሮጥ ስለሆነች፣ ሴት አሯሯጭ ማግኘት ከባድ ነው።

በመም ላይ አዲስ ተቀናቃኝ መጥቷል፤ መብራት። ከ2020 ጀምሮ በመሙ ውስጠኛ ጠርዝ የተደረደሩ መብራቶች በታዘዘው ፍጥነት ተከታትለው ይበራሉ። በዚያ ዓመት ቼፕቴጌ የቀነኒሳን የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰኖች፣ ለተሰንበት ግደይም የጥሩነሽ ዲባባን የ5,000 ሜትር ሰዓት የሰበሩት መብራቱ በበራበት መም ላይ ነው። መብራት አይሳሳትም፣ አይደክምም፣ ቪዛ አይጠይቅም። ነፋስ ግን አይከላም፤ አስፋልት ላይም የለም።

ለራሱ ሳይሆን ለሌላው የሚለፋ ስፖርተኛ በየዘርፉ አለ። ልዩነቱ አመዘጋገቡ ላይ ነው። በሰሜን አሜሪካ ፕሮፌሽናል የአይስ ሆኪ ሊግ፣ በረዶው ላይ ከሚሰለፉት 6 ተጫዋቾች ሁለቱ ተከላካዮች ናቸው፤ በዓመት ውስጥ ጥቂት ጎል ብቻ የሚያገባ ተከላካይ ብዙ ነው። ቢሆንም እሱ ሜዳ ላይ ሳለ ቡድኑ ሲያገባ መደመሪያ፣ ሲገባበት መቀነሻ የሚጽፍለት ሒሳብ ከ1967ቱ የውድድር ዘመን ጀምሮ ይያዝለታል። ሒሳቡ እንከን ባያጣም የሰውየው ሥራ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ደመወዙን ሲደራደር የሚጠቅሰው ነገር አለው።

ወደ ሰበታ ልመለስ። ከተማዋ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቷ ትታወቃለች። ማየት የማይችሉ አትሌቶች ውድድር ደግሞ ለሌላ ሰው መሮጥን ያከበረ ብቸኛው የሩጫ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። መሪ ሯጩ ከአትሌቱ ጋር በአጭር ገመድ ተያይዞ ይሮጣል፤ ከእሱ ቀድሞ የመጨረሻውን መስመር እንዳይረግጥ ደንቡ ይከለክለዋል። ሲያሸንፉ ግን ሁለቱም ሜዳሊያ ያጠልቃሉ። ያየሽ ጌቴ በ2024 የፓሪስ ፓራሊምፒክ በ1,500 ሜትር ቲ11 ምድብ በዓለም ክብረ ወሰን ወርቅ ስታገኝ፣ የመሪዋ የክንዱ ሲሳይ ስም ከስሟ ጋር አብሮ ተጽፏል።

ለአሯሯጭ ሜዳሊያ ይሰጠው አልልም፤ ክፍያውን ተቀብሏልና። የምለው ለስፖርት ጋዜጠኞቻችን ነው። አሯሯጮች ብዙ ጊዜ የሚለዩበት ልብስ ወይም «ፔስ» የሚል የደረት ጽሑፍ ስላላቸው ለመለየት አያስቸግሩም፤ ስማቸውም ከውድድሩ በፊት በሚወጣው ዝርዝር ውስጥ አለ። በሚቀጥለው የማራቶን ሥርጭት ላይ፣ ከፊት ያለው ልጅ ማን እንደሆነ፣ በምን ፍጥነት እንዲመራ እንደታዘዘና በስንተኛው ኪሎ ሜትር እንደወጣ ንገሩን።