የትምህርት ልውውጥ ውጤት የሚወሰነው ከጉዞው በፊት ነው

ከጎጃም ተነስቶ ለትምህርት ባሕር መሻገር አዲስ ነገር አይደለም። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረኢየሱስ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ወደ ጣሊያን ተልከው በቱሪን ከተማ የሥዕል ትምህርት መከታተላቸው ይታወቃል። በ1999 ዓ.ም ማስተማር የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ዛሬ ሊወዳደርባቸው የሚችላቸው ዕድሎች አሉ። ዕድሎቹ በሁለት የሚከፈሉ ሲሆን፣ የኃላፊዎች ድርሻም በሁለቱ ይለያያል።

አንደኛው ዲግሪውን ሙሉ በሙሉ በውጭ አገር መማር ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው የኢራስመስ ሙንደስ የጋራ ማስተርስ ፕሮግራም ለዚህ በምሳሌነት ይጠቀሳል። አመልካቹ ማመልከቻውን በቀጥታ ፕሮግራሙን ለሚሰጡት ዩኒቨርሲቲዎች ያቀርባል፤ ሲመረጥም ቢያንስ በሁለት አገሮች ይማራል። ሲመለስ የዲግሪውን አቻ ግመታ የሚሠራው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው።

ሁለተኛው ልውውጥ ነው። በዚህ መንገድ የሚሄደው ተማሪ ከላከው ዩኒቨርሲቲ መዝገብ አይሰረዝም፤ የሚመረቀውም ከዚያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከአውሮፓ ውጭ ላሉ አገሮች ክፍት የሆነው የኢራስመስ ፕላስ ልውውጥ ከ2 እስከ 12 ወራት የሚቆይ ሲሆን፣ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ ለጉዞና ለኑሮም ድጎማ ይሰጣል። ተማሪው ግን በግሉ ማመልከት አይችልም። አስቀድሞ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች መፈራረም፣ ላኪውም ዕጩዎቹን በግልጽ መስፈርት መምረጥ ይጠበቅበታል።

ዋናው ጉዳይ የሚመጣው ከምርጫው በኋላ ነው። ተማሪው፣ ላኪውና ተቀባዩ ከጉዞው በፊት በሚፈርሙት የትምህርት ስምምነት ላይ በውጭ የሚወሰዱት ኮርሶችና በአገር ቤት የሚተኩት ኮርሶች በዝርዝር ይሰፍራሉ። በአውሮፓ የአንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት 60 ክሬዲት ሲሆን፣ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚደርስ ሥራን ይወክላል። ይህ ስሌት በአገር ውስጥ ከሚሠራበት የክሬዲት ሰዓት ጋር በቀጥታ ስለማይገጥም፣ ንጽጽሩ አስቀድሞ በትምህርት ክፍሉና በሬጅስትራሩ ካልጸደቀ ተማሪው ያለፈውን ኮርስ ደግሞ ለመማር፣ ምረቃውንም ለማዘግየት ይገደዳል። በውጭ የተገኘው ዕውቀት ባይጠፋም የባከነውን ሴሚስተር የሚመልስ የለም።

የትምህርት ዘመን አቆጣጠርም ሌላው ጥንቃቄ የሚሻ ነጥብ ነው። በ2016 ዓ.ም በአማራ ክልል የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች በጸጥታ ችግር ምክንያት ተማሪዎቻቸውን ዘግይተው መቀበላቸው ይታወሳል። ሴሚስተር ሲሸጋሸግ ደግሞ የተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ መክፈቻ አይጠብቅም። ለቪዛ ጉዳይ የዓባይን በረሃ አቋርጦ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው አዲስ አበባ የሚመላለስ ተማሪ፣ የድጋፍ ደብዳቤው ወይም የውጤት መግለጫው አንድ ሳምንት ቢዘገይበት ዕድሉ ሊያመልጠው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2014 በአዲስ አበባ ጸድቆ በ2019 በሥራ ላይ የዋለው የአፍሪካ አገሮች ስምምነትም በከፊል የተጠናቀቀ ትምህርት ዕውቅና የሚያገኝበትን አግባብ ያካትታል። መርሁ ፍሬ የሚሰጠው ግን በየቢሮው ባለ ፊርማ ነው። በመሆኑም የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችና ሬጅስትራሮች የተማሪውን የትምህርት ስምምነት ከአውሮፕላን ትኬቱ በፊት መርምረው ማጽደቅ፣ ሲመለስም የገቡትን ቃል ሳይሸራርፉ መፈጸም ይኖርባቸዋል።