የዛፓ ሰዎች

«ኢንካ ሮድስ» የተባለው ዘፈን ወደ 9 ደቂቃ ይጠጋል። ከመሐሉ ጊታር ይገባል፤ ጨዋታ እንደሚያውቅ ሰው አንዴ እያዘገመ፣ አንዴ እየተጣደፈ የሚያወራ ረጅም ጊታር። ብዙ ዓመት ስሰማው ስድስት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ዓይን ለዓይን እየተያዩ የተጫወቱት ይመስለኝ ነበር። ኋላ የአልበሙን ጽሑፍ ሳነብ ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። የዘፈኑ መሠረት የተቀዳው በኦገስት 1974 ሎስ አንጀለስ፣ በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ስቱዲዮ ነው። ጊታሩ ግን በተከታዩ ወር ሄልሲንኪ ላይ፣ በፊንላንድ ታዳሚ ፊት ከተደረገ ኮንሰርት ተቆርጦ የመጣ ነው። ያ ኮንሰርት በ1988 ራሱን ችሎ ስለታተመ ሁለቱን እያፈራረቁ መስማትና ስፌቱን መፈለግ ይቻላል። አንዳንድ ቀን ያገኘሁት ይመስለኛል፤ በማግስቱ ስሰማው ይጠፋብኛል። (እዚህ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የዘፈኑም የመቀሱም ባለቤት ፍራንክ ዛፓ ነው። በ1940 ባልቲሞር ተወልዶ በ1993 በ52 ዓመቱ በፕሮስቴት ካንሰር ሲሞት ከ60 በላይ አልበሞች አውጥቶ ነበር። ሮክ ነው ብሎ የከፈተው ሰው ጃዝ ያገኛል፤ ከዚያ የኦርኬስትራ ድርሰት፤ ከዚያ ደግሞ ቤተሰብ ተሰብስቦ የማይሰማው ፌዝ። ሽፋኑ ላይ ጎልቶ የሚነበበው አንድ ስም ነው። ከስሩ በደቃቁ የተጻፉት ስሞች ግን ብዙ ናቸው፤ እኔ ዛፓን የወደድኩት እነሱን ተከትዬ ነው ብል አላጋነንኩም።

ለነገሩ ስም መቁጠር የጀመረው እሱ ራሱ ነው። በ1966 የወጣው «ፍሪክ አውት» የመጀመሪያ አልበሙ ነው፤ ለጀማሪ ባንድ ባልተለመደ ሁኔታ ሁለት ሸክላ ነበረው። በሽፋኑ ውስጥ ለሙዚቃው አስተዋጽኦ አድርገዋል ያላቸውን 179 ስሞች ደርድሯል። ስትራቪንስኪ አለ፤ ልጅ ሳለ በ15ኛ ዓመት ልደቱ ስጦታ ይሁነኝ ብሎ ቤቱ በስልክ የደወለለት ኤድጋር ቫሬዝም አለ።

ባንዱን ግን እሱ አልመሠረተውም። ፖሞና በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ መጠጥ ቤት ውስጥ የሰው ዘፈን የሚጫወቱ ሶል ጃያንትስ የሚባሉ ልጆች ነበሩ፤ ሬይ ኮሊንስ ይዘፍናል፣ ሮይ ኢስትራዳ ቤዝ ይመታል፣ ጂሚ ካርል ብላክ ድራም ላይ ነው። ዛፓ በጊታር ተጫዋችነት ገባና ብዙም ሳይቆይ የራሱን ድርሰት ያስጠናቸው ጀመር። ስማቸው ማዘርስ ሆነ፤ ለሸክላ አሳታሚው ስሙ ነውር መሰለውና ማዘርስ ኦቭ ኢንቬንሽን ተባሉ። ከእነዚህ የመጠጥ ቤት ልጆች ጎን በ1967 ኢያን አንደርውድ መጣ፤ የዬል ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ፣ ፒያኖውንም ሳክስፎኑንም ኖታ አንብቦ የሚጫወት። የዛፓ ድምፅ ከዚህ ቅይጥ የወጣ ይመስለኛል፤ ኖታ ዓይቶ የማያውቅና ከኖታ ሌላ የማያውቅ አንድ መድረክ ላይ።

በ1969 ዛፓ ባንዱን በተነ። ሥራ ቢኖርም ባይኖርም ደሞዝ መክፈሉ ከብዶኛል አለ፤ ልጆቹ ደግሞ ሳይነገረን ድንገት ወደቅን አሉ። ቅሬታው ዓመታት ቆይቶ ፍርድ ቤት ደረሰ። እሱ ግን በዚያው ዓመት ኢያን አንደርውድን ብቻ ይዞ ስቱዲዮ ገባና «ሆት ራትስ»ን ሠራ። ዘመኑ ያመጣው ባለ 16 ትራክ መቅጃ ማሽን አንድን ሰው ደጋግሞ በላዩ ላይ መቅዳት ይፈቅድ ነበር፤ «ፒችስ ኢን ሬጋሊያ» ላይ አንድ ሙሉ የትንፋሽ መሣሪያ ጓድ የሚመስለው ኢያን ብቻውን ነው፣ ኦርጋኑም ፒያኖውም እሱ ነው። ቤዙን የሚመታው ሹጊ ኦቲስ ያኔ 15 ዓመቱ ነበር።

አሁን ወደ ሩት ልምጣ። ሩት ኮማኖፍ ኒው ዮርክ ጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የምት መሣሪያ ተማሪ ነበረች። በ1967 ማዘርስ በከተማዋ ጋሪክ ቲያትር ለወራት ሲጫወቱ ተመልካች ሆና ገባች፤ «አንክል ሚት» በተባለው የ1969 አልበም ላይ ስሟ በተጫዋችነት ይገኛል። ኢያንን አግብታ ሩት አንደርውድ ሆነች። መሣሪያዋ ማሪምባ ነው፤ በተርታ የተደረደሩ የእንጨት ምላሶችን ጫፉ በክር በተጠቀለለ ዱላ እየመቱ የሚጫወቱት። ማሪምባ በሮክ ባንድ ውስጥ ምን ይሠራል? ጊታርና ድራም ሲያጓሩ ድምፁ ይዋጣል። ዛፓ ግን ዜማው ራሱ በማሪምባ እንዲነገር አድርጎ ጻፈ። ሌላ ሰው በጊታር ቢሞክረው ጣቱ የሚጠላለፍበትን ዝላይ ለሁለቱ ዱላዎቿ ሰጣት። እሷ ስትመታው ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው፤ ብዙ፣ ፈጣን፣ ግን እያንዳንዱ ጠብታ ለብቻው ይሰማል። ዛፓ ለመሣሪያ ሳይሆን ለሰው ይጽፍ ነበር የምለው ለዚህ ነው። እሷ ከባንዱ ስትወጣ ዱላውን የጨበጡ ጎበዞች ነበሩ፤ ኤድ ማን አንዱ ነው። የእሷን ንጣት የሚተካ ግን አልሰማሁም።

ከእሷ ጋር የነበረው የ1973 እና የ1974 ባንድ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፤ የሚከራከረኝ ይኖራል። ኪቦርድ ላይ ጆርጅ ዱክ ነበር። ከጃዝ የመጣ ሰው ነውና ዛፓ የተራ ሮክ ኤንድ ሮል ሦስትዮሽ ምት በፒያኖ እንዲደበድብ ሲያዘው ለክብሩ የማይመጥን ሆኖ ታይቶት እንደነበር ራሱ እየሳቀ ያወራው ነበር። ሲንተሳይዘር እንዲነካ የገፋፋውም፣ እኔ ዘፋኝ አይደለሁም እያለ «ኢንካ ሮድስ»ን ያስዘፈነውም ዛፓ ነው። ዱክ ከዚያ በኋላ በዘፋኝነቱም ታወቀ። ናፖሊዮን መርፊ ብሮክን ዛፓ ያገኘው ሃዋይ ውስጥ ሲጫወት ነው፤ ቴነር ሳክስፎን፣ ድምፅና እስክስታ የማይለየው ሰው። ድራመሩ ቼስተር ቶምፕሰን በኋላ ዌዘር ሪፖርትንም ጀነሲስንም አጅቧል። ቤዙ የቶም ፋውለር ነው።

ቀጥሎ የመጣው ድራመር ቴሪ ቦዚዮ ነው። ዛፓ ለእሱ ብሎ የጻፈው የድራም ሶሎ «ዘ ብላክ ፔጅ» ይባላል፣ ጥቁሩ ገጽ ማለት ነው። ወረቀቱ በኖታ ብዛት ስለጠቆረ ነው ስሙ። በአንዱ ቦታ አምስት፣ በሌላው ሰባት፣ በሌላው አሥራ አንድ ኖታ ተጨምቋል፤ እግር የሚቆጥረውና እጅ የሚመታው አይገናኙም። ኋላ ዛፓ በላዩ ዜማ ጻፈበትና ባንዱ ሁሉ ይጫወተው ጀመር። በዲሴምበር 1976 ኒው ዮርክ ላይ ሲቀዳ የብሬከር ወንድማማቾች ትራምፔትና ሳክስፎን ነበሩበት፤ ሩትም ነበረች። ለዳንስ የቀለለ ነው ያለውን ቅጂ አጫውቶ ታዳሚው እንዲደንስበት ጋበዘ። ማን እንደደነሰበት እንጃ።

ኖታ የማያነብ ሰውስ? አድሪያን ቢሉ በ1977 ናሽቪል ውስጥ መጠጥ ቤት ሲጫወት የተገኘ ጊታሪስት ነው። ማንበብ ስለማይችል ቅዳሜና እሁድ ዛፓ ቤት እየሄደ ክፍሉን በጆሮው ያጠና ነበር። ዓመት ሳይሞላው ዴቪድ ቦዊ ወሰደው። ስቲቭ ቫይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ገና ሃያ ሳይሞላው የዛፓን ሶሎዎች ከቴፕ እየሰማ ወደ ኖታ በመገልበጥ ተቀጠረ፣ ከዚያ መድረክ ወጣ። በ1982ቱ አልበም ሽፋን ላይ ከስሙ ጎን የተጻፈው ሥራው የማይቻሉ የጊታር ክፍሎች የሚል ነው።

ልምምዱ ፋብሪካ ይመስላል። በ70ዎቹ መጨረሻ ዛፓ ከመምጣቱ በፊት ባንዱን የሚያስጠና አንድ አለቃ ነበር፤ ክሎንማይስተር ይሉታል፣ ቤዝ ተጫዋቹ አርተር ባሮው ይህን ሥራ ለረጅም ጊዜ ያዘ። ዛፓ ሲመጣ የተጠናውን ያፈርሳል፤ ዘፈኑን በሌላ ምት፣ በሌላ ስልት ያዛል። መድረክ ላይም ምልክቶች ነበሩት። ከጆሮው በላይ በጣቱ ድሬድ እንደሚጠመዝዝ ሰው ካደረገ የያዙት ዘፈን ወዲያው ሬጌ መሆን አለበት። ራስታ የሚለው ቃል ከራስ ተፈሪ መምጣቱን ካስታወስን፣ የእኛም ሰው ስም በዚያ ጣት ትንሽ ተጠምዝዟል።

ወደ መቀሱ ልመለስ። ዛፓ አንዱን ሶሎ ከተወለደበት ኮንሰርት ነቅሎ ከእሱ ጋር ዝምድና በሌለው ትራክ ላይ መለጠፍን ዜኖክሮኒ አለው፤ ከግሪክ ቃላት ነው፣ እንግዳ ጊዜ እንደማለት። በ1979 በወጣው «ጆስ ጋራዥ» ላይ አብዛኞቹ የጊታር ሶሎዎች ከሌላ ቦታ መጥተው የተጣበቁ ናቸው። ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን በዚያው ዓመት የወጣው «ሺክ ያርቡቲ» ላይ ያለች «ራበር ሸርት» የምትባል አጭር ሙዚቃ ናት። ፓትሪክ ኦሄርን በቤዝ ይጠይቃል፣ ቦዚዮ በድራም ይመልሳል፤ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይጠብቃል። ለዓመታት አብረው የኖሩ ጓደኞች ጨዋታ ነው ትላላችሁ። ቤዙ የተቀዳው ለሌላ ነገር፣ ድራሙ የተቀዳው በሌላ ምት ለሌላ ዘፈን ነው። ያንን ጨዋታ ሁለቱ ጭራሽ ተጫውተውት አያውቁም። ታዲያ የማን ነው? ጣቱ የኦሄርን፣ እጁ የቦዚዮ፣ ወዳጅነቱ የዛፓ።

ይህ ሥልጣን መጥፎ ቦታም ወስዶታል። በ80ዎቹ አጋማሽ የማዘርስን ሁለት የ1968 አልበሞች እንደገና ሲያሳትም የጥንቶቹን ልጆች ቤዝና ድራም አጥፍቶ በአርተር ባሮውና በቻድ ዋከርማን አስተካው። አዲሶቹ ከቀድሞዎቹ ይበልጣሉ፤ ሙዚቃው ግን ፊቱን ያጣ ሰው መሰለ። ከሁለቱ አንዱ፣ «ዊር ኦንሊ ኢን ኢት ፎር ዘ መኒ»፣ እሱ ከሞተ በኋላ በ1995 በጥንቱ ድምፅ ተመልሶ ወጥቷል።

ሰው ያናደደውም ብዙ ነው። በጃንዋሪ 1983 የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በኬንት ናጋኖ መሪነት ድርሰቶቹን ሲቀዳለት፣ ትራምፔት ነፊዎቹ በእረፍት መጠጥ ቤት ገብተው ዘግይተው መጡብኝ ብሎ በ1989ኙ መጽሐፉ አማርሯል፤ ቴፑን ቆርጦ ቆርጦ ነው ያተረፈው። ሲንክላቪየር የሚባል ውድ ኮምፒውተር የገዛውም በዚሁ ዘመን ነው። የጻፉለትን ሁሉ ሳይሳሳት የሚጫወት፣ ደሞዝ የማይጠይቅ፣ ሳይለማመድ የሚያውቅ። የ1986ቱ «ጃዝ ፍሮም ሄል» ከአንድ ሙዚቃ በቀር የማሽኑ ነው፤ ግራሚም አግኝቶበታል። አከብረዋለሁ፤ ደጋግሜ አልሰማውም።

ያም ሆኖ በ1988 እንደገና የ12 ሰው ባንድ ሰብስቦ ከመቶ በላይ ሙዚቃ አስጠንቶ ዞረ። አምስት የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች ያሉበት ግሩም ባንድ ነበር። በአስጠኚው ቤዝ ተጫዋች በስኮት ተንስ ላይ ግን ሌሎቹ አመፁ፤ ዛፓም እሱን ከመቀየር የቀረውን ጉዞ መሰረዝ መረጠ። ከዚያ በኋላ የራሱን ባንድ ይዞ አልዞረም።

በ1992 ሴፕቴምበር የጀርመኑ አንሳምብል ሞደርን ፍራንክፈርት ላይ ድርሰቶቹን አቀረበ። ከነዚህ አንዱ ለማሽኑ ብቻ የተጻፈው፣ ሰው አይችለውም ተብሎ የነበረው «ጂ ስፖት ቶርናዶ» ነው። ሰዎቹ ቁጭ ብለው፣ በቫዮሊንና በትሮምቦን፣ ተጫወቱት። ዛፓ ሕመሙ ጠንቶበት ሁሉንም ምሽት መገኘት አልቻለም፤ በተገኘበት ግን መድረክ ወጥቶ መራቸው። ቅጂው በኖቬምበር 1993 ወጣ፤ እሱ በዲሴምበር 4 አረፈ።

ሩት ከሙዚቃው ዓለም ከወጣች ቆይታለች። አሌክስ ዊንተር በ2020 ባወጣው ዘጋቢ ፊልም ላይ ግን ትታያለች፤ ፀጉሯ ተለውጦ፣ ፒያኖ ፊት ተቀምጣ። ማሪምባ የለም፣ ባንድ የለም። «ዘ ብላክ ፔጅ»ን ትጫወታለች።