የድብርት ኪኒንና የወተት ሆርሞን

ሐኪም ፊት ተቀምጦ ስለ እንቅልፉና ስለ ምግብ ፍላጎቱ ሳያቅማማ የሚናገር ሰው፣ ጥያቄው ወደ መኝታ ቤት ሲዞር ጣሪያ ጣሪያ ያያል። «መድኃኒቱ ሆርሞኔን አደረቀው» ብሎ በሆዱ የሚጠረጥረው ግን ጥቂት አይደለም።

ጥርጣሬው ከሜዳ የመጣ አይደለም። በፕሮዛክ ስም ለአሜሪካ ገበያ እ.ኤ.አ. በ1987 መጨረሻ የተፈቀደው ፍሉኦክሴቲንና ዘመዶቹ በአንጎል ሴሎች መካከል ሴሮቶኒን እንዲበረክት ያደርጋሉ። ከአንጎል ሥር፣ በአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ፣ ሽንብራ የምታህል ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ አለች። ወተት የሚያስመነጨውን ፕሮላክቲን የምትረጨው እሷ ናት፤ ዶፓሚን ደግሞ ልጓሟን ይይዛል። ሴሮቶኒን ሲበዛ ልጓሙ ሊላላ ይችላል። ፕሮላክቲን በጣም ከፍ ካለ ቴስቶስቴሮንና ኢስትሮጅን እንዲመረቱ የሚያዘው ምልክት ይዳከማል፤ የወር አበባ ይዛባል፣ አልፎ አልፎም ያልወለደች ሴት ጡቷ ወተት ያንጠባጥባል።

ይህ የሚገጥመው ግን ጥቂቱን ነው። ብዙዎቹ ደማቸው ሲመረመር ሆርሞናቸው ደህና ሆኖ ይገኛል፤ እርካታን የሚያዘገየው በአብዛኛው ሴሮቶኒኑ ራሱ በአንጎልና በህብለ ሰረሰር ነርቮች ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። ዳፖክሴቲን የተባለው የዚሁ ቤተሰብ ፈጣን መድኃኒት በበርካታ አገሮች ቶሎ ለሚረጩ ወንዶች የሚታዘዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ድብርቱም ቢሆን ከኪኒኑ ቀድሞ ፍላጎትን ይነጥቃል፤ ጥፋቱን ለሁለቱ ማካፈል ለሐኪሙም ቀላል አይደለም። በዶፓሚን በኩል የሚሠራው ሌላው የድብርት መድኃኒት ቡፕሮፒዮን ይህን ጣጣ ብዙም አያመጣም።

የሴቶቹ ወገን የበለጠ ይገርማል። ከወር አበባ በፊት የሚመጣ ከባድ የስሜት መዋዠቅ በፍሉኦክሴቲን እንዲታከም አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ፈቀደች። ለድብርት ሳምንታት የሚያስጠብቀው ኪኒን እዚህ በቀናት ውስጥ ያሽላል፤ ከወር አበባ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ብቻ ቢወሰድም ይሠራል። ተመራማሪዎች ከፕሮጄስትሮን የሚገኘውን አሎፕሬግናኖሎን የተባለ የሚያረጋጋ ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ ስለሚያበረክት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የፍሉኦክሴቲን ዘመድ የሆነው ፓሮክሴቲን በ7.5 ሚሊግራም፣ ኢስትሮጅን ሲቀንስ ለሚመጣው የማረጥ ወቅት ትኩሳት ተፈቀደ። የጡት ካንሰር ይዟት ታሞክሲፈን የምትወስድ ሴት ያው ትኩሳት ይፈጃታል፤ ፓሮክሴቲን ግን ጉበቷ ታሞክሲፈንን ወደ ብርቱ መልኩ የሚቀይርበትን ኢንዛይም ስለሚያግድ፣ ሐኪሟ ሌላ መድኃኒት ይፈልግላታል።