ነገረ ፈትል

በዓል በቀረበ ቁጥር ከሽሮ ሜዳ እስከ መርካቶ የሚሰማው እሮሮ ዘንድሮም አልቀረም፤ ነጠላው ተወደደ፣ የሐበሻ ቀሚስ የወር ደመወዝ ጠየቀ፣ ለጋቢ ተብሎ የተቋጠረው ገንዘብ ለኩታ እንኳ አልበቃ አለ ይባላል። ገዢው ነጋዴውን፣ ነጋዴው ሸማኔውን፣ ሸማኔው ደግሞ ድር አቅራቢውን ይወቅሳል፤ ድር አቅራቢውም በበኩሉ፣ ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ ለጥያቄ ሁሉ መልስ ሆኖ የተገኘውን ዶላርን ይጠራል። ይህን የወቀሳ ሰንሰለት እስከ ጫፉ የተከተለ ሰው ግን አንድ ነገር ሳይጠይቅ አያልፍም፦ ጥጡ ከአዋሽ ሸለቆ፣ ከመተማና ከሁመራ፣ ከአርባ ምንጭና ከጋምቤላ የሚለቀም የገዛ ምድራችን ፍሬ ሆኖ ሳለ፣ ክሩ ስለ ምን በባዕድ ንዋይ ይተመናል?

ከባለሥልጣናት መግለጫም ሆነ ከምጣኔ ሀብት ሊቃውንት አንደበት ለዚህ ዘወትር የሚሰጠው ፍካሬ ጥጥ ማነሱ ነው፤ ጥጥ ቢበዛ ክር ይረክሳል፣ ክር ቢረክስ ሸማ ይረክሳል የሚል፣ ለጆሮ ቀና የሆነ ሐተታ። በዚሁ እምነት በ2003 ዓ.ም. ጥሬ ጥጥ ከአገር እንዳይወጣ ታግዶ ነበር፤ ነገር ግን እገዳው ጥጡን በደጃፋችን ቢያስቀረውም የሚፈትለውን እንዝርት አልጨመረምና፣ አልሚዎች ገዢ አጣን ብለው አቤት ካሉ በኋላ ተነሥቷል። ከዚያ ወዲህም ያው ሐተታ እንደ ጸና አለ።

እኔ እንደሚመስለኝ የስሕተቱ ጥንተ ነገር የክርን ዋጋ ከጥጡ መፈለጋችን ነው፤ የክር ዋጋ በአብዛኛው የእንዝርት ሰዓት ዋጋ ነውና። ይህንንም በጥቂቱ ላብራራ። ክር በቁጥር ይለያል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ክሩ ይቀጥናል። ከአንድ ኪሎ ቁጥር 20 ክር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ይገኛል፤ ከአንድ ኪሎ ቁጥር 40 ክር ግን 68። እንግዲህ ብዙ ሰው፣ ፋብሪካ የሚመሩ ሰዎች ሳይቀሩ፣ ርዝመቱ እጥፍ ስለ ሆነ ድካሙም እጥፍ ነው ብለው በዚያ ያቆማሉ፤ ነገሩ ግን በዚያ አያቆምም። ቀጭን ክር በውስጡ የሚይዘው የጥጥ ጭረት ጥቂት ስለ ሆነ፣ እንዳይላቀቅና እንዳይበጠስ አብዝቶ መክረር አለበት፤ የክሩ ቁጥር በአራት እጥፍ ሲያድግ ለእያንዳንዱ ክንድ የሚያስፈልገው ጥምዘት በሁለት እጥፍ ያድጋል። እንዝርቱ ደግሞ በደቂቃ የሚዞረው ዙር የተወሰነ ነውና፣ ለአንድ ክንድ ብዙ ዙር ያወጣ እንዝርት በሰዓት የሚሰጠው ክንድ ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ቀጭን ክር ሁለት ጊዜ ይዘገያል፤ አንድም ለአንድ ኪሎ ረጅም ርዝመት ስለሚፈተል፣ አንድም ያ ርዝመት ራሱ ከእንዝርቱ በዝግታ ስለሚወጣ። ሁለቱ መዘግየቶችም የሚባዙ እንጂ የሚደመሩ አይደሉም።

በደቂቃ 16,000 ጊዜ የሚዞር አንድ የፋብሪካ እንዝርት፣ መቆምና መበጠስ ሳይታሰብ፣ በተለመደው የጥምዘት ልክ በሰዓት ከቁጥር 20 ክር 40 ግራም ያህል፣ ከቁጥር 40 ግን 14 ግራም ገደማ ይፈትላል። ይኸውም ለአንድ ኪሎ ወፍራሙ 25 የእንዝርት ሰዓት ሲፈጅ ቀጭኑ 70 ይፈጃል ማለት ነው። በእጃቸው ይፈትሉ የነበሩ እናቶቻችን ባዘቶውን እያሳሱ ልቃቂቱ እስኪሞላ ስንት ምሽት እንደሚያልፍ ያውቁ ስለ ነበር፣ ለቀጭን ፈትል የሚጠየቀው ዋጋ አያስደንቃቸውም ነበር፤ እኛ ግን ሥራውን ለሞተር ከሰጠነው ወዲህ ሰዓቱን ረሳነው።

በሁለቱ ኪሎዎች ውስጥ ያለው ጥጥ፣ በማበጠሪያው የሚቀረው ብናኝ ሳይቆጠር፣ አንድ ያህል ነው፤ የማሽኑ ዋጋ፣ የብድሩ ወለድ፣ መብራቱ፣ መለዋወጫውና የሠራተኛው ደመወዝ ግን በእንዝርት ሰዓት ስለሚታሰቡ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋሉ። ማሽኑም መለዋወጫውም በዶላር የሚገዙ ናቸውና፣ ቀጭኑ ክር ጥጡ የአገር ልጅ ቢሆንም ዋጋው ከውጭ ምንዛሪ ጋር ይበልጥ የተጣበቀ ይሆናል። መብራት በጠፋ ጊዜም ጉዳቱ በጠፋበት ሰዓት ብቻ አይወሰንም፤ በሺህ የሚቆጠሩ እንዝርቶች ላይ የተበጠሰው ክር አንድ በአንድ እስኪቀጠል ድረስ የሚባክነው ጊዜ ከጨለማው ጊዜ የበለጠ ሊሆን ይችላል፤ ይህም በቀጭኑ ክር ላይ ይከፋል። እንግዲህ ጥጥ ቢረክስ ለወፍራም ክር መጠነኛ እፎይታ ይሰጣል፤ ለነጠላው ቀጭን ድር የሚደርሰው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

በዚህ ላይ የኍልቍ ጉዳይ ይመጣል። የክር ምርት በየዓመቱ የሚነገረን በቶን ነው። በዚህ መስፈርት ብንሄድ፣ ቁጥር 40 ይፈትል የነበረ ፋብሪካ በዚያው እንዝርት፣ በዚያው ሠራተኛና በዚያው ሕንፃ ወደ ቁጥር 20 ቢመለስ ምርቱን በሦስት እጥፍ ገደማ አሳደገ ተብሎ ይመሰገናል፤ ሸማኔው የሚፈልገውን ቀጭን ክር ለማቅረብ የደከመው ደግሞ አቅሙን ያልተጠቀመ ተብሎ ይጻፍበታል። ሪፖርት አቅራቢዎቹ ሐሰት ይናገራሉ ማለቴ አይደለም፤ መስፈርቱ ራሱ ፋብሪካዎችን ወደ ውፍረት ይመራል፤ ይህን ካወቅሁ ወዲህ በቶን የተነገረ የክር ዕድገት ማመን አቅቶኛል። በወረራው ዘመን የተተከለው የድሬዳዋው ፋብሪካም ሆነ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የባሕር ዳሩ፣ ለአቡጀዴና ለአንሶላ የታሰቡ ስለ ነበሩ በወፍራም ክር ቢጸኑ አይፈረድባቸውም፤ በሚገባ አልብሰውናል። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ግን የቀጭኑን ፈትል ጥበብ ሊያመጡልን በተገባ ነበር፤ በየአዳራሹ ከገቡት ማሽኖች መካከል ግን ለወፍራም ክር የሚፈጥነው፣ ሮተር የሚባለው መፍተያ ይገኛል።

የወጪ ንግዱም ኍልቍ ከዚሁ የራቀ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሰፋው ልብስ በብዙው ጨርቁ ከውጭ የገባ ሆኖ ሳለ፣ ሸሚዙ ሲላክ ሙሉ ዋጋው በእኛ ስም ይመዘገብ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. አገራችን አጎአ ከሚባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል ስትሰረዝና ገዢዎች ሲሄዱ፣ በፓርኩና በፈትል ፋብሪካዎቻችን መካከል የነበረው ትስስር ምን ያህል የሳሳ እንደ ነበር ታየ።

ሸማኔውስ? ቀጭን ድር ሲያጣ ሰው ሠራሽ ክር ይቀላቅላል፤ ከባሕር ማዶ በማሽን የታተመው ጥለት ዋጋውን ሲሰብርበትም መወርወሪያውን ይሰቅላል፤ ከጋሞ ደጋ ጀምሮ በትውልድ የወረደው ተግባረ እድም ወራሽ ያጣል። ኩታው የዘንድሮ ዋጋውን ይዞ ይቆይ ይሆናል፤ ከአምናው ይወርዳል ብዬ ግን ተስፋ አልሰጥም። የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ዛሬ ሊያደርጉት የሚችሉት፣ ወጪም የማይጠይቅ ሥራ፣ የየፋብሪካውን ምርት በክር ቁጥር ለይተው ከእንዝርት ሰዓቱ ጋር ማሳተም ነው፤ ከቁጥር 30 በላይ ስንት ኪሎ በአገር ውስጥ እንደ ተፈተለ፣ ስንቱም በዶላር እንደ ገባ በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ሲቀመጥ፣ የልማት ብድሩ ለየትኛው ማሽን ሊሰጥ እንደሚገባው ለመከራከር የሚያስችል ሰነድ ይኖረናል።